ያጨድነውን ሳናቆም

መተማ ዮሐንስ ተቀምጬ ሶፍትዌር እሠራለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ፊቴን ያያል፤ እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርኩት። እዚያ ደግሞ ኢንተርኔት አለ ወይ አለኝ። አንዳንዴ አለ አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ እናቴ የቆላው ሙቀት ነው ትላለች። ኢንተርኔቱ አንዳንዴ ቢሆንም የሰዉ ጭንቅላት ግን ሁልጊዜ እንደሚሠራ ለሰውዬው አስረዳሁት። እስከ ምሳ ድረስ መልሶ አላነጋገረኝም፤ እኔም ቅር አላለኝም።

ይህን የምጽፈው ለእሱ መልስ እንዲሆን አይደለም። እሱ ረስቶኛል። የምጽፈው ስለኮራሁ ነው፤ ኩራቴንም ለመደበቅ አልሞክርም።

ቢሯችን ወደ ጉምሩክ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ሚያዝያ ሲገባ ከምድጃ አትለይም። ላፕቶፖቻችንን ጡብ ላይ አስቀምጠን ማራገቢያውን ወደነሱ እናዞራለን፤ ለእኛ የሚተርፍ ነፋስ የለም። ውጭ ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ያጓራል፣ ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ከድንበሩ ማዶ ከሱዳኗ ገላባት በእግሩ የተሻገረ ነጋዴ ዐረብኛውን ከአማርኛው ቀላቅሎ ይከራከራል። ሦስት ነን። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ የሰሊጥ ገበሬ ልጅ ነኝ። ሁለተኛው ጎንደር አብሮኝ የተማረ ጎጃሜ ነው፤ ለአንድ ክረምት ሊያግዘኝ መጥቶ በዚያው ቀረ። ሦስተኛዋ ቀድሞ በገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ሚዛን ላይ ትሠራ የነበረች፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ናት። እኛ የሠራነውን እየሞከረች ጉድለቱን የምታወጣው እሷ ናት። ጉድለት ስታገኝ ፊቷ ይበራል። መጀመሪያ አካባቢ ይሄ ነገሯ በጣም ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ግን ፊቷ ሳይበራ ሲቀር ነው የምሠጋው።

ሥራችን ለዚያው ዩኒየን መጋዘን የተሠራ ፕሮግራም ነው። በመኸር ጊዜ ሰሊጥ የጫነ መኪናና ትራክተር ከየአቅጣጫው፣ ከሩቋ ገለጉ በኩል ሳይቀር፣ መጋዘኑ በር ላይ ይሰለፋል። ጆንያው ተወግቶ ናሙና ይወጣል፣ ናሙናው ይበጠራል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ ጭነቱ ሚዛን ላይ ይወጣል። ድሮ ተራው የጉልበት ነበር፤ ድምፁ የጎላ ሰው ቀድሞ ይገባል። የእኛ ፕሮግራም በሩ ላይ ባለች ታብሌት መኪናው የደረሰበትን ሰዓት ይይዛል፣ ተራ ይሰጣል፣ ናሙናውን ከሚዛኑ ጋር ያገናኛል፣ ገበሬውም ደረሰኙን ይዞ ይወጣል። ሲወራ ቀላል ነው።

ሁሉንም ነገር የጀመርነው ክላውድ ላይ ነበር። ክላውድ ማለት፣ ለአባቴ እንዳስረዳሁት ልናገር፣ ሥራህን በራስህ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ሌላ አገር ባለ፣ አይተኸው በማታውቀው ኮምፒውተር ላይ በኢንተርኔት መሥራት ነው። ኮዱ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ የሚፈተነውም እዚያ ነው፤ መጋዘኑ የሚጠቀምበት ፕሮግራምም እዚያው ሆኖ ነው የሚሠራው። ይህን የመረጥነው ዘመናዊ ለመባል አይደለም። የያዝናቸው ላፕቶፖች ያረጁና ደካሞች ስለነበሩ ነው። ክላውዱ የእነሱን ሸክም ይሸከምላቸዋል። አንድ ቀን የጎጃሜው ላፕቶፕ በአቧራና በሙቀት እዚያው ጡቡ ላይ ሞተ። ከሱቁ ባለቤት አሮጌ ኮምፒውተር ተውሶ ከፈተና ሥራውን ካቆመበት መስመር ቀጠለ። አንዲት ፊደል አልጠፋችም። እናቱ ታማ ባሕር ዳር ባስታመመበት ጊዜም ከሐኪም ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሠራ ነበር፤ እኔ እዚህ የጻፍሁትን እሱ እዚያ ያርማል። አዲስ ለውጥ ወደ መጋዘኑ ለመላክ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ባጃጅ ይዤ እስክደርስ ለውጡ ቀድሞኝ ይገኛል። እውነቱን ለመናገር ያኔ በክላውድ ፍቅር ተይዤ ነበር።

ምቾቱ ግን አባለገን። መላክ ቀላል ስለሆነ ያልበሰለውን ሁሉ መላክ ጀመርን። ዛሬ የጀመርነውን ሳንጨርስ ነገ ሌላ እንጀምራለን፤ ያለቀውና ያላለቀው አንድ ላይ ተጠላልፎ ይቀመጣል። በዚህ ላይ ደግሞ የቆላ ጨዋነታችን ተጨመረበት። የዩኒየኑ ሰብሳቢ እሳቸው ራሳቸው ገበሬ የሆኑ፣ ረጅም፣ ከዘራቸውን የማይለዩ፣ ቁጣቸው ከእኔ የማይተናነስ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ቢሯችን ጎራ ባሉ ቁጥር አንድ ነገር ያዛሉ። ለገበሬው በስልክ መልእክት ይላክለት። ጽሑፉ ተለቅ ይበል። ከማዶ ለሚመጡት ነጋዴዎች በዐረብኛም ይታይ። ሐሳባቸው ሁሉ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ እሱ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሽማግሌ ቆሞ ሲናገር «አይሆንም» አይባልም። እኛም ተነሥተን ወንበር እንለቅላቸዋለን፣ «እሺ አባባ» እንላለን፣ እሳቸው እንደወጡ አዲሱን እንጀምራለን። አዲስ አበባ ያሉ ሶፍትዌር ሠሪዎች በብዙ ነገር ይሳሳቱ ይሆናል፤ በዚህ ግን እንደ እኛ የሚሳሳት ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው መኸር መጣ። ጥቅምት ውስጥ ሰልፉ ሲረዝም ተራው መዘበራረቅ ጀመረ። ኋላ የመጣ ትራክተር ቀድሞ ይጠራል፣ ሲነጋ የደረሰው ቆሞ ያያል። ገበሬዎቹ ጉቦ ተበልቷል ብለው በሩ ላይ ታብሌቷን የያዘውን ልጅ አንገቱን ሊይዙት ምንም አልቀራቸውም። እኛ ክላውዱ ላይ ደጋግመን ፈተንነው፤ እዚያ ሁሉም ልክ ነው። መጨረሻ ላይ እኔው ሄጄ በሩ ላይ ፀሐይ እየጠበሰኝ ቆምኩ። ስልኬን ሳይ አራት ሰዓት ይላል፤ ታብሌቷን ሳይ ሦስት። ወዲያው ገባኝ። መጋዘኑ ወደ ሱዳን ለሚያሻግረው ድልድይ ቅርብ ነው፤ የእኛ ኔትዎርክ ሲደክም ታብሌቷ የማዶውን የሱዳን ኔትዎርክ ትይዛለች፤ የእነሱ ሰዓት ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ታብሌቷ ሳትንቀሳቀስ ድንበር እየተሻገረች ትመለስ ነበር። በአምስት ሰዓት የደረሰ መኪና በአራት ሰዓት እንደደረሰ ተደርጎ ይያዛል፣ ከዚያ ሰልፉን ጥሶ ይገባል። ይህን ያገኘሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። ሌላ አገር ያለው ኮምፒውተር ይህን ድልድይ አያውቀው፤ በምን ያግኘው?

መፍትሔው ትንሽ ነበር። ያቺን ትንሽ ነገር ግን ለብቻዋ መላክ አልቻልንም። ለሰብሳቢው እሺ ያልናቸው ያላለቁ ሥራዎች ሁሉ ተጠላልፈውባታል። እንደምንም ፈትተን ላክናት፤ የሰዓቱ ችግር ሄደና የሚዛኑ ገጽ ጭራሽ አልከፈት አለ። የነበረውን ልንመልስ ስንሞክር ኔትዎርክ ጠፋ። ኮዳችን እዚያ ማዶ፣ እኛ እዚህ፤ የራሳችንን ሥራ ማየት እንኳ አቃተን። ጎጃሜው ስልኩን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔ ከመጋዘኑ ቢሮ ከቢሮ መጋዘኑ ስሮጥ ዋልሁ። ሚዛኑ በእጅ መሠራት ጀመረ፣ ሰልፉ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፣ ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር ተኙ። አባቴም ሰልፉ ውስጥ ነበር። አጠገቡ ያሉት ገበሬዎች ማሽኑንና የሠራውን ሰው ሲረግሙ እሱ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ነበር።

መኸሩ ሊያበቃ ሲል የዩኒየኑ ቦርድ አስጠራን። ሰብሳቢው አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «የእኛው ልጆች ናችሁ ብዬ ነው የታገሥሁት» አሉ። «አንድ መኸር እጨምርላችኋለሁ። ያም እንዲህ ከሆነ ሥራው ለአዲስ አበባዎቹ ይሰጣል።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። ከዩኒየኑ ሌላ ደንበኛ የለንም። ክፍሏ ትዘጋለች። ጎጃሜው እንደምንም አዲስ አበባ ሥራ አያጣም። እኔም አላጣ ይሆናል፤ ግን የማልፈልገው እሱን ነበር፤ ለመሠልጠን ከዚህ መውጣት አለብሽ የሚሉኝን ሁሉ ልክ ማድረግ። የባሰባት ግን ያቺ ባልደረባችን ናት። ሚዛን ላይ የነበራት ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል፤ ሁለት ልጅ ይዛ የትም አትሄድም። የቋሚ ሥራዋን ትታ እንድትመጣ የለመንኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ከስብሰባው እንደወጣን ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ሄደች። እኔ ግን መንገድ ላይ በንዴት አለቀስሁ፤ ሰው እያየኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የጭቅጭቅ ነበሩ። ጎጃሜው ጥፋቱ ሁሉ የክላውድ ነው አለ። ሁሉንም አምጥተን መጋዘኑ ውስጥ በራሳችን ሰርቨር፣ በራሳችን ዋና ኮምፒውተር ላይ እናድርገው ይላል። እሷ ደግሞ፣ ያንተን ላፕቶፕ የገደለው አቧራ ሰርቨሩን ይምረዋል ወይ፣ መጋዘን ውስጥ ያለውን አቧራ እኔ ነኝ የማውቀው አለችው። እኔ ለሁለቱም እጮሃለሁ። ማናችንም ግን ነገሩን አላገኘነውም ነበር፤ ክላውዱ ጉዳታችንን አባሰው እንጂ አልወለደውም።

ነገሩን ያገኘሁት እርሻችን ላይ ነው። የመጨረሻው ማሳ እየታጨደ ነበርና አባቴን ላግዝ ሄድሁ። ከደጋ የመጡት ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ተሰልፈው ያጭዳሉ። ፀሐይ ከረር ሲል ከፊታቸው ያልታጨደ ሰሊጥ እያለ ማጭዳቸውን አስቀመጡና ወደ ኋላ ተመለሱ። ያጨዱትን ያሥራሉ፤ ነዶውን እርስ በርሱ አደጋግፈው ያቆማሉ። የቆመው ነዶ እኛ አገር ሂላ ይባላል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም። ሰሊጥ ታጭዶ መሬት ላይ ከተኛ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል፣ ፍሬውን ያፈሳል፣ የቀረውን ጉንዳን ይወስደዋል። ስለዚህ ማሳው ምን ቢያጓጓ ያጨዱትን ሳያቆሙ ሌላ አያጭዱም። አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። እኔ ከዚህ ማሳ ላይ ያደግሁ ሰው፣ ቢሮዬ ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አጭጄ አጭጄ መሬት ላይ አስተኝቼዋለሁ። እዚያው ነዶ እንደያዝሁ ሳቅ ያዘኝ። አባቴ ፀሐይ መትቷት ይሆናል ብሎ ወደ ዳሱ ላከኝ።

በማግሥቱ ቢሯችን ግድግዳ ላይ ሦስት ሚስማር መታሁ፤ ለእያንዳንዳችን አንድ። በሚስማሩ ላይ የሚሰቀለው የሥራ ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ያ ሥራ አልቆ፣ ተፈትኖ፣ መጋዘን ገብቶ እንደ ሂላው እስኪቆም ድረስ ሌላ ወረቀት አይሰቀልም። አዲስ ሐሳብ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ካርቶኑን ዘርግፈን ቀጣዩን እንመርጣለን። ጎጃሜው መጀመሪያ ቀለደብኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርነው ለሚስማር ነው ወይ አለ። የእሱ ወረቀት ሚስማሩ ላይ ለብዙ ጊዜ ሳይነቃነቅ ሲቀር ግን መቀለዱን ተወ። የቆየውን ወረቀት ሁላችንም እናየዋለንና። እኔ ሥራዬ ሲያልቅ አዲስ ከማንሣት ይልቅ እሱን ማገዝ ጀመርሁ።

ክላውዱንም አልጣልነውም። ይህን ለመወሰን ብዙ ተጨቃጨቅን፤ ዛሬም ልክ ነበርን እላለሁ። ሙሉው ኮድ እዚያ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ላፕቶፕ ይሞታል፣ ሰው ይታመማል፣ ሰው መንገድ ይሄዳል። ነገር ግን እያንዳንዳችን በላፕቶፓችን ላይ ሙሉ ቅጂ ይዘን፣ ኢንተርኔት ሳይኖርም ሠርተን መጨረስ እንድንችል አደረግነው። በእርግጥ ዋጋ አለው። ክላውዱ ቶሎ የሚጨርሰውን ፈተና የእኛ ላፕቶፕ እያቃሰተ ሲሠራ ምሳ በልተን እንመለሳለን። የበሩ ታብሌትና የሚዛኑ ኮምፒውተርም ለብቻቸው እንዲሠሩ አደረግናቸው። የመዘኑትን ራሳቸው ጋ ይይዛሉ፣ በመጋዘኑ ውስጥ በገመድ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ ኔትዎርክ ሲመጣ ወደ ክላውዱ ይልካሉ። ሰዓቱንም ከማንም ኔትዎርክ አይወስዱም።

በጣም የምወደው ግን የድልድዩን ፈተና ነው። ያቺ ባልደረባችን ያመጣችው ሐሳብ ነው። ማንኛውም ለውጥ ወደ መጋዘኑ ከመግባቱ በፊት ታብሌቷን ይዛ በባጃጅ ወደ ድልድዩ ትሄዳለች። የማዶው ኔትዎርክ እስኪይዛት ትጠብቃለች፣ እዚያው ሆና መኪና ትመዘግባለች፣ ኔትዎርኩን ታጠፋለች፣ ታበራለች፣ ትመለሳለች። ድልድዩን ያላለፈ ለውጥ መጋዘን አይገባም። የባጃጅ ሾፌሮቹ ለምደዋት፣ ዛሬ አለፈ ወይስ ወደቀ እያሉ ይጠይቋታል። በዓለም ላይ ትልልቅ ሶፍትዌር ቤቶች ብዙ ዓይነት ፈተና አላቸው፤ እንዲህ ያለ ፈተና ያለን ግን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። እንኳንም ሆንን።

በጋውንም ክረምቱንም በዚህ መንገድ ሠራን። ሰብሳቢው እርሻቸው ላይ ስለነበሩ ብዙም አልመጡም፤ እምቢ የማለቱም ፈተና አልደረሰብኝም። ያቺ ባልደረባችን ግን ትፈራ ነበር። ሁሉ ነገር ደህና እየሄደ ሳለ፣ ሥራው ካልሆነ ምን እንደምትሆን ለጎረቤቷ ስትናገር በቤቷ በር ሳልፍ ሰምቻታለሁ። ገብቼ አጽናንቻት ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ተመልሼ ሥራዬ ላይ ተቀመጥሁ፤ የሚያጽናናት እሱ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው መኸር ደረሰ። መኪናው ተሰለፈ፣ ተራው በሥርዓት ሄደ። ሰልፉ ከመቼውም በረዘመበት ሰሞን ኔትዎርክ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደሚመጣ የሚናገር የለም። ጠዋት ቢሮ ስደርስ ጎጃሜው በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን አሳየኝ። ሁለታችንም ሳንነጋገር ወደ መጋዘኑ ሮጥን። ስንደርስ ሚዛኑ ላይ አንድ ትራክተር ወጥቷል፣ ከኋላው ያለው እየተጠጋ ነው፣ ናሙና የሚያወጣው ሰውዬ ከሾፌሩ ጋር እየቀለደ ጆንያ ይወጋል። ደረሰኝ ይወጣል። ኔትዎርክ መጥፋቱን ማንም ልብ አላለም። ለማን ልንገር? ሰልፉን ዳር እስከ ዳር ዞሬ ተመለስሁ፤ የሚሳደብ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

በዚያ ሰሞን አንዲት ጉድለት ብቻ ወጣች። ስማቸው ረዘም ያለ ገበሬዎች ደረሰኛቸው ላይ የአያት ስማቸው ይቆረጣል። በእርግጥ ያገኘቻት እሷ ናት፤ ፊቷ በርቶ መጣች። ኢንተርኔት ስላልነበረ እዚያው ሚዛኑ ቤት ተቀምጠን በላፕቶፓችን ላይ እንሠራት ጀመር። አንድ ወረቀት፣ አንድ ሚስማር። ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ድልድዩን ሳታልፍ፣ ሰብሳቢው የራሳቸውን ሰሊጥ በትራክተር ተሳቢ አስጭነው መጡ። እንደ ማንም ገበሬ ተራቸውን ይዘው ተሰለፉ። ናሙናቸው ተበጠረ፣ ጭነታቸው ተመዘነ፣ ደረሰኛቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በከዘራቸው እየተመረኮዙ እኛ ወዳለንበት ወደ ሚዛኑ ቤት መጡ። ተነሥተን ቆምን።

«አንዲት ነገር ላስቸግርሽ ልጄ» አሉኝ። «ገበሬው ተራው ደረሰ አልደረሰ እያለ ከጥላው እየተነሣ እዚህ ድረስ ይመላለሳል። ማሽኑ ራሱ በድምፅ ይጥራው። ለነገ አድርሱልኝ።»

ሐሳባቸው እንደተለመደው ጥሩ ነበር። ጎጃሜው መሬት መሬት ያያል። እሷ ሚዛኑን ተደግፋ ቆማለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ለሰላሳ ዓመት «እሺ አባባ» ያለ ምላሴ አሁንም እሱኑ ሊል ተነሥቶ ነበር።

«ለነገ አይሆንም አባባ» አልኳቸው። «በእጃችን ያለውን አልጨረስንም። እሱን ሳናቆም ሌላ አንጀምርም።»

ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። ለእሳቸው እምቢ ማለቴ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለእርስዎ አይደለም አልኳቸው። ከዚያ ማሳቸው ላይ ያጨዱት መሬት ተኝቶ እያለ ሌላ ያሳጭዱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ምን በወጣኝ» አሉ። «ሊረግፍብኝ አይደለም?»

ይህን እንዳሉ ለልጃቸው ሊደውሉ ስልካቸውን አውጥተው ሞከሩ፤ አልሄደም። አገላብጠው አዩትና ኔትዎርክ የለም ወይ አሉ። ከጠፋ ሰነበተ አልኳቸው። ወደ ሚዛኑ፣ ከዚያ ወደ ሰልፉ፣ ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ወዳለው ደረሰኝ ተመለከቱ። ታዲያ ይሄ ሁሉ በምን እየሠራ ነው ብለው ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው፤ በአጭሩ፣ ምክንያቱም ሚዛኑ ላይ ሌላ መኪና እየወጣ ነበር። እሳቸውም ከመንገድ ዘወር ብለው እስኪመዘን ቆመው አዩ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ድምፁን ለከርሞ አድርሱልኝ እንግዲህ። ከርሞ ግን ምክንያት አልሰማም።»

እሺ አባባ አልኳቸው። ወደ ትራክተራቸው እየሄዱ ሳለ ነው ያሉት ነገር ሙሉ በሙሉ የገባኝ፤ ለከርሞም ሥራው የእኛ ነው ማለታቸው ነበር። የሰሊጥ ጆንያ ላይ ቁጭ አልሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ኮርቼ አላውቅም።

እሷ የሚዛን ሠራተኛውን ልታግዝ የተመዘነውን መኪና ደረሰኝ ለሾፌሩ ሰጥታ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

«ለከርሞ ነው ያሉት?» አለችኝ።

«ለከርሞ ነው» አልኳት።

ሻሿን አውልቃ ፊቷን ጠረገች። ላብ ነው አለችኝ። እኔም ላብ ነው አልኳት።